ከጽኑ ኮቪድ የተረፈ ሰው ጉልበቱ እንዴት ይመለሳል?

የዛሬው ዝግጅታችን ኮቪድ ክፉኛ ጥሏቸው፣ ኦክስጅን ተሰክቶላቸው ወይም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብተው በሕይወት ስለተመለሱ ሰዎች ነው፤ በተለይም ከሆስፒታል ከወጡ ከወራት በኋላም ስለማይለቃቸው ድካም። ትኩሳቱ ጠፍቷል፣ ሳሉ ቀንሷል፣ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያም ደህና ቁጥር ያሳያል። ሰውየው ግን ከበርጩማ ለመነሣት ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተጭኖ ይገፋል። ሽንት ቤት ተቀምጦ ሲነሣ ግድግዳ ይይዛል። ቅዳሴ ቆሞ ማስቀደስ አቅቶት ገና ወንጌል ሳይነበብ ደጀ ሰላም ሄዶ ይቀመጣል። ቤተሰቡ «ሳንባው አልዳነም» ይላል፤ ጎረቤት «ሥራ ጠላ» ይላል፤ እሱ ደግሞ «ከእንግዲህ ሰው አልሆንም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ዛሬ የምከራከረው ሦስቱም አባባሎች ነገሩን እንደሚስቱት ነው። ይህ ድካም ከሁሉ በፊት የጡንቻና የአካል ብቃት መድከም ነው። ተኝቶ በመጠበቅ አይድንም፤ ጥርስ ነክሶ ሞፈር ቀንበር በማንሣትም አይድንም። የሚመለሰው በልክ ተጀምሮ፣ የማግስቱን ሁኔታ እያዩ በሚጨመር እንቅስቃሴ ነው።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚሁ ሕመም ብቻ ተለየ፤ ሚሊኒየም አዳራሽም የሕክምና ማዕከል ሆነ። በየክልሉም ሆስፒታሎች ለዚህ ሕመም ክፍል ለዩ። በምርመራ የተረጋገጡት ሰዎች ቁጥር በአጠቃላይ ወደ 500 ሺህ ደረሰ፣ የሞቱትም ከ7,500 በላይ ሆኑ። የዓለም ጤና ድርጅት ዓለም አቀፉ የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ማብቃቱን ያወጀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት በየቀኑ ይነገረን የነበረው የተያዙ፣ የሞቱና ያገገሙ ሰዎች ቁጥር ነበር። ያገገሙ ከተባሉት መካከል ሦስት ቀን አስነጥሶት የተነሣውም፣ ሦስት ሳምንት በኦክስጅን የቆየውም እኩል ይቆጠሩ ነበር። የእነዚህ የሁለተኞቹ ሰዎች ኑሮ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ የጠየቀ ጥቂት ነው፤ እኔ ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው እላለሁ።

ጠይቀው የተከታተሉ አገሮች ያገኙትን እንመልከት። በሽታው በተነሣባት በቻይናዋ ዉሃን ከተማ ከአንድ ሆስፒታል የወጡ 1,733 ሰዎች ከታመሙ ከስድስት ወር በኋላ ተጠርተው ተመረመሩ። ውጤቱ በጥር 2021 እ.ኤ.አ. ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። ከመቶ 63ቱ አሁንም ድካም ወይም የጡንቻ መላላት እንዳለባቸው ተናገሩ፤ ከሁሉም ምልክቶች በብዛት አንደኛው ይኸው ነበር። ስድስት ደቂቃ እንዲራመዱ ሲደረግ፣ በጣም ታመው ከነበሩት መካከል ከመቶ 29 የሚሆኑት ጤነኛ ሰው ሊሄደው ከሚገባው ዝቅተኛ ርቀት በታች ነው የሄዱት። እርግጥ ነው፣ በእነዚሁ ጽኑ ታማሚዎች ሳንባ ላይም ጉዳት ታይቷል፤ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ኦክስጅንን ከሳንባ ወደ ደም የማሳለፍ አቅም ቀንሶ ነበር። ስለዚህ ሳንባን ከነገሩ ነጻ ላወጣው አልችልም። የምለው ሳንባው ብቻውን ድካሙን አያስረዳም ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚያሳምነኝ ማስረጃ ከኮቪድ በፊት የተሠራ ጥናት ነው። የካናዳዋ ሐኪም ማርጋሬት ሄሪጅና ባልደረቦቿ ሳንባቸው በጽኑ ተጎድቶ በመተንፈሻ መሣሪያ የቆዩ 109 ሰዎችን ቶሮንቶ ውስጥ ተከታተሉ። በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጡት ውጤት፣ የሳንባቸው አየር የመያዝና የማስወጣት አቅም በስድስት ወር ውስጥ ወደ ጤነኛው መጠን ተጠግቶ ነበር። በዓመቱ ግን በስድስት ደቂቃ የሚራመዱት ርቀት ከሚጠበቅባቸው ከመቶ 66 ብቻ ሆነ፤ ወደ ሥራ የተመለሱትም ግማሽ ያህሉ ናቸው። ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲወጡ ከቀድሞ ክብደታቸው ከመቶ 18 ያህሉን አጥተው ነበር፤ ራሳቸውም ያዳከማቸው የሥጋቸው ማለቅና የጉልበታቸው መላላት መሆኑን ተናገሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ እንኳ ርቀቱ ከመቶ 76 ላይ ነበር። ሳንባው ድኖ ሰውየው ያልተነሣበትን ምክንያት እዚህ ላይ በግልጽ እናየዋለን።

ጡንቻ እንዴት በዚህ ፍጥነት ያልቃል? ለንደን ውስጥ በጽኑ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት የጭን የፊት ጡንቻን መጠን በአልትራሳውንድ እየለካ ተከታትሎ ነበር። በአሥር ቀን ውስጥ ከአምስት እጅ አንድ እጅ የሚጠጋው ሟሟ። ሰውነት ከከባድ ሕመም ጋር ሲታገል የራሱን ጡንቻ ፕሮቲን እየበላ ነው የሚዋጋው፤ በዚያ ላይ መንቀሳቀስ የለም፣ ምግብ አይገባም፣ ሕይወት ለማዳን የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን የተባለው መድኃኒትም ሲበዛና ሲረዝም ጡንቻን ያላላል። ተራ መተኛት ብቻውን የሚያደርገውም ቀላል አይደለም። በ1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ዳላስ አምስት ጤነኛ የሃያ ዓመት ወጣቶች ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ፤ ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ከሩብ በላይ ወረደ። እነዚያው ሰዎች ከሠላሳ ዓመት በኋላ በሃምሳ ዓመታቸው ሲለኩ፣ የሠላሳ ዓመት እርጅና ከሦስት ሳምንቱ አልጋ ያነሰ ጉዳት ነው ያደረሰባቸው። ሆኖም ከመኝታው በኋላ ስምንት ሳምንት ልምምድ ሲሠሩ አቅማቸው ተመልሶ ከመጀመሪያውም በልጦ ነበር።

አሁን ወደ አገራችን ደጋ እንምጣ። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል፤ በየትንፋሹ የሚገባው ኦክስጅንም አብሮ ያንሳል። ከከተማዋ ሆስፒታል የሚወጣው ሕመምተኛ ደግሞ የሚሄድበት ቦታ አንድ አይደለም። ወደ ወረታና ፎገራ የሚመለሰው 1,800 ሜትር አካባቢ ወዳለ ሜዳ ይወርዳል። ወደ ላይ ጋይንት ወይም ወደ ጉና ግርጌ የሚመለሰው ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ቤቱም ብዙ ጊዜ መኪና ከሚቆምበት ዳገት ለዳገት ተጉዞ የሚደረስበት ነው። መካከለኛ ዳገት እንኳ ሜዳ ላይ ከመራመድ ከእጥፍ በላይ ኦክስጅን ይጠይቃል። አልጋው ላይ ተቀምጦ የተለካ አንድ የኦክስጅን ቁጥር ለሁለቱ ሰዎች አንድ ትርጉም ሊኖረው አይችልም።

እዚህ ላይ «እኛ የደጋ ሰዎች ነን፣ ከፍታ ምን ያደርገናል?» የሚል ይኖራል። ተቃውሞው መሠረት አለው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ለክተው የደማቸው ኦክስጅን በአማካይ ከመቶ 95.3 ሆኖ አግኝተውታል፤ የሄሞግሎቢናቸው መጠንም በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ብዙ አይለይም። ይህ የሚደነቅ ተፈጥሮ ነው። ነገር ግን የተለኩት ጤነኞች ናቸው። ከዚህ ጥናት የምወስደው ትምህርት እንዲያውም ሌላ ነው፦ ጤነኛው የደጋ ሰው ኦክስጅኑ ጥሩ ከሆነ፣ ከኮቪድ የተነሣ ሰው ዝቅ ያለ ቁጥር ሲያሳይ «የከፍታው ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም።

ከሁሉ የሚጠነክረው ተቃውሞ ግን ከቤት ውስጥ የሚመጣው ነው። እናት አጥሚቱን አቅርባ፣ «ገና በሽተኛ ነህ፣ ጋደም በል» ትላለች። በፍቅር የተባለ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናትም ትክክል ነው። ትኩሳት ባለበት፣ ልብ በኃይል በሚመታበት፣ ተቀምጦም ትንፋሽ በሚያጥርበት ጊዜ እረፍት ግድ ነው። ያ ካለፈ በኋላ ግን እያንዳንዱ የመኝታ ሳምንት የሟሟውን ጡንቻ ይበልጥ ያሟሟዋል፤ ድካሙ ያስተኛል፣ መኝታው ደግሞ ድካሙን ይጨምራል። በሌላ በኩል አባት «ላብ ያወጣዋል፣ ሥራ ያድነዋል» ይላል። ገበሬ ስፖርት አያስፈልገውም፣ እርሻው ይበቃዋል የሚለውም ክርክር ከዚሁ ይመነጫል። እርሻ በእርግጥ ትልቅ እንቅስቃሴ ነው፤ ችግሩ ልኩ በሰውየው እጅ አለመሆኑ ነው። እርፉን ከጨበጠ በሬው ነው የሚወስነው፣ ዝናቡ ነው የሚወስነው። ደግሞም ይህን ገበሬው ከማንም በላይ ያውቀዋል፦ ከስቶ የከረመ በሬ ተጠምዶ ቀኑን ሙሉ አይታረስበትም፤ ጥቂት ይታረስበትና ይፈታል፣ መኖ ይጨመርለታል፣ በማግስቱ አነሣሡ ይታያል። ለበሬ የሚደረገውን ጥንቃቄ ለባለቤቱ መንፈግ አይገባም።

የሴቷ ነገር ደግሞ ለብቻው ሊነሣ ይገባል። ወንዱ ወደ እርሻ እስኪመለስ ይጠበቃል፤ እሷ ግን ከሆስፒታል በገባች በሳምንቱ ውኃ ትቀዳለች፣ ጭስ ውስጥ ቆማ ትጋግራለች፤ ይህ ግን እንደ ሥራ አይቆጠርላትም። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ሃያ ኪሎ ነው፤ ምንጩም አብዛኛውን ጊዜ ቁልቁል፣ ቤቱ ሽቅብ ነው። በአምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ጀምራ በየሳምንቱ ብትጨምር ያው ሥራ መድኃኒት ይሆናት ነበር። ምጣዱን ለጊዜው ሌላ ሰው ቢይዝላት የቆሰለ ሳንባዋ ከጭስ ያርፋል።

እስካሁን የተናገርኩትን ሊያፈርስ የሚችል ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ልዘለው አልፈልግም። አንዳንድ ከኮቪድ የተነሡ ሰዎች እንቅስቃሴ ይጎዳቸዋል። ሲሠሩ ደህና ይመስላሉ፤ በማግስቱ ወይም በሠልስቱ ግን ሰውነታቸው ይዝላል፣ ራሳቸው ይከብዳል፣ እንቅልፋቸው ይዛባል፣ ለቀናት አልጋ ላይ ይውላሉ። በአምስተርዳም 25 እንዲህ ያሉ ሕሙማን ብስክሌት ከመንዳታቸው በፊትና በኋላ ከጡንቻቸው ናሙና ተወስዶ ነበር፤ በጥር 2024 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት ከድካሙ በኋላ በጡንቻቸው ላይ የሚታይ ጉዳት መጨመሩን አሳይቷል። ስለዚህ ሕመማቸው የምናብ አይደለም፤ «ወኔ አጣህ» ብሎ መገፋፋትም ጭካኔ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉንም አይወክልም። በእንግሊዝና በዌልስ በኮቪድ ሆስፒታል ተኝተው የወጡ 585 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2024 የታተመ ሙከራ፣ ስምንት ሳምንት በባለሙያ የተመራ ልምምድና ምክር ያገኙት ሰዎች ኑሯቸው ካላገኙት ይልቅ መሻሻሉን አረጋግጧል። ሁለቱን እውነቶች የሚያስታርቀው የማግስቱ ቀን ነው። ዛሬ የተሠራው ሥራ ነገ ጠዋት ሰውየውን እንደ ወትሮው ካስነሣው ልኩ ትክክል ነበር፤ ከጣለው በዝቷል፣ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። ቀንሶም በተደጋጋሚ የሚጥለው ከሆነ መጨመሩ ይቅርና አቅሙን ቆጥቦ፣ ሥራውን ከፋፍሎ እንዲኖር ነው የሚመከረው።

በተግባር እንዴት ይጀመራል? የዓለም ጤና ድርጅት ከኮቪድ ለተነሡ ሰዎች ባዘጋጀው መምሪያ እንቅስቃሴው በደረጃ እንዲሆን፣ በእያንዳንዱ ደረጃም ቢያንስ ሰባት ቀን እንዲቆይ ይመክራል። በእኛ አካባቢ የመጀመሪያው ሳምንት በግቢ ውስጥ ሜዳው ላይ ለጥቂት ደቂቃ መራመድ ሊሆን ይችላል፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በመካከሉ እየተቀመጡ። እየተራመዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከተቻለ ልኩ ነው፤ ቃል በቃል እየተቆረጠ ከሆነ ፈጥነዋል። ለጭን ጡንቻ ከመቀመጫ መነሣትና መቀመጥን የሚያህል የለም፦ መደብ ላይ ወይም ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት እጅን ደረት ላይ አጣምሮ፣ እግርን መሬት ላይ አጽንቶ መነሣት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መቀመጥ። ሲቀመጡ ዝም ብሎ መውደቅ የለም፤ ጡንቻው የሚሠራው ሲወርድም ነው። በርጩማ ዝቅ ስለሚል ለመጀመሪያ ይከብዳል፤ ለኋላ ይቆይ። በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደተነሡ ቆጥሮ ግድግዳ ላይ በከሰል መጻፍ፣ በሳምንቱ በዚያው መቀመጫ ደግሞ መቁጠር ነው። ዳገት የሚጨመረው ሜዳው ከቀለለ በኋላ ነው፤ ትንፋሽ ሲያጥር ቆሞ፣ ከዘራ ወይም መቋሚያ ላይ ወደ ፊት ደገፍ ብሎ፣ በአፍንጫ ስቦ ከንፈርን ጠበብ አድርጎ ቀስ እያሉ ማስወጣት ይረዳል።

ደረት ከወጋ፣ ልብ ያለ አግባብ ከዘለለ፣ ራስን መሳት ከመጣ፣ አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመ ልምምዱ ይቁምና ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም ይኬድ፤ እግር ላይ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። በእንቅስቃሴ ጊዜ የኦክስጅን ቁጥር ከእረፍቱ በ3 ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ከወረደም ሐኪም ይየው። ድካም ሁሉ የኮቪድ ነው ማለትም አደጋ አለው፤ ደም ማነስ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ስኳር፣ የልብ ሕመም፣ ድባቴ ከጀርባ ሊኖሩ ስለሚችሉ መመርመር ይገባል።

ጡንቻ ያለ ምግብ አይሠራም። እንቁላልና ወተት ባለበት ይጨመር፤ ባቄላው፣ ሽምብራው፣ ምስሩ፣ ሽሮው በየማዕዱ ይኑር። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ከስቶ የወጣ ሰው ጉልበት እንዲያወጣ መጠበቅ ከባድ ነው። ብዙ ምእመናን ይህን ለሐኪም አይነግሩም፤ ዝም ብለው ይጾማሉ። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ ቦታ አላት፤ ነገሩን ለንስሐ አባት ገልጦ መመካከር ከሕክምናው የሚለይ ጉዳይ አይደለም።

«ይህን ሁሉ ማን ያሠራናል? ፊዚዮቴራፒስት የት አለ?» ለሚለው ጥያቄ፣ ባለሙያዎቹ ጥቂት መሆናቸው እውነት ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሙያውን ቢያስተምርም የሚመረቁት ለየወረዳው አይዳረሱም። ላይ ጋይንትን የመሳሰሉ ወረዳዎች ደግሞ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደርሶባቸው፣ ነፋስ መውጫ ላይ የሕክምና መገልገያዎች ሳይቀሩ ተዘርፈዋል። ነገር ግን ከላይ የጠቀስኳቸው ሁለት መለኪያዎች፣ የስድስት ደቂቃ ርምጃውና ከመቀመጫ መነሣቱ፣ ሜትርና ሰዓት እንጂ ማሽን አይፈልጉም። ነርስ ሊሠራቸው ይችላል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ቤት ለቤት ስትሄድ ልትደግማቸው ትችላለች።

«ኮቪድ እኮ አልፏል» ለሚሉም መልስ አለ። ቫይረሱ አሁንም አለ፤ ይህ የጡንቻ መሟሟትም በእሱ ብቻ አይመጣም። በጽኑ የሳንባ ምች፣ በደም መመረዝ፣ በከባድ ወባ ሳምንታት የተኛ ሰው፣ በጥይት ቆስሎ ወራት ያሳለፈ ወጣት በዚያው መንገድ ነው የሚደክመው። ስለዚህ በደብረ ታቦር ሆስፒታልም ሆነ በአካባቢው ባሉ ሌሎች ሆስፒታሎች ለሚሠሩ ባለሙያዎች የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ጽኑ ታሞ የቆየ ሰው ሲሸኝ በመውጫ ወረቀቱ ላይ ከመድኃኒቱ ዝርዝር ቀጥሎ በስድስት ደቂቃ የተራመደው ሜትር፣ በአንድ ደቂቃ የተነሣበት ብዛት፣ ቤቱም በቆላ ይሁን በደጋ፣ ከመኪና መንገድ ምን ያህል ዳገት እንዳለው ይጻፍ። ከወር በኋላ በቅርቡ ያለው ጤና ጣቢያ እንደገና ይለካው። ቁጥሩ ከጨመረ በያዘው ይቀጥል፤ ባለበት ከቆመ ወይም ከወረደ ግን «ድካም ነው፣ ይለቅሃል» ተብሎ ሳይሰናበት ወደ ሆስፒታሉ ይመለስ፤ ልቡ፣ ደሙና ሳንባው እንደገና ይታይ።